ለሣር ክዳን አዳራሽ የእሳት ሞዴል ከነፃ ዳታቤዝ ቁጥር ስንወስድ፦ ኮምፔንሳቶው በ3 ሰከንድ ይቀጣጠላል?

ሰንበሌጥ_ጣና
ሰኞ፣ ረፋድ 4:20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳርቻ ላይ ለሚሠራ የምግብ አዳራሽ በኤፍዲኤስ (እሳትና ጭስን በኮምፒውተር በሚያስመስለው ፕሮግራም) የእሳት ሞዴል እያዘጋጀሁ ነው። አዳራሹ ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 12 ሜትር፣ ግድግዳው 2.5 ሜትር፣ ጉልላቱ ከወለል 7 ሜትር። ቋሚውና ወራጁ ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ቀርከሃ፣ ክዳኑ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰንበሌጥ ነው። ግድግዳው ከውስጥ በኩል እስከ 1.20 ሜትር በኮምፔንሳቶ ተለብጧል። ሶፋዎቹ ስፖንጅ ናቸው፤ ግድግዳውን ተጠግተው ዙሪያውን ይደረደራሉ። ከጀርባ ትርፍ ፍራሽ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት አለ፦ 3 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር፣ በሩ 80 ሳንቲ ሜትር በ2 ሜትር።

የቁሳቁሶቹን ባሕርይ የምወስደው በነፃ ከተከፈቱ ዳታቤዞች ነው፤ በተለይ የዩኤል የእሳት ደህንነት ምርምር ተቋም ካወጣው የቁሳቁስና የምርት ዳታቤዝ። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል።

አንደኛው፣ ለኮምፔንሳቶ የሙቀት አስተላላፊነት 0.12 ዋት በሜትር በኬልቪን፣ እፍጋት 540 ኪሎ በሜትር ኩብ፣ የሙቀት አቅም 1.2 ኪሎጁል በኪሎ በኬልቪን ይዤ፣ የመቀጣጠያውን ሙቀት 390 ዲግሪ፣ መነሻውን 20 ዲግሪ አድርጌ፣ 50 ኪሎዋት በካሬ ሜትር ሲያርፍበት በስንት ሰከንድ እንደሚቀጣጠል በወፍራም ቁስ ቀመር አሰላሁ። ቀመሩ ፓይ ለ4 ተካፍሎ፣ በሦስቱ ባሕርያት ብዜት፣ በሙቀት ልዩነቱ ካሬ ተባዝቶ፣ ለፍሰቱ ካሬ የሚካፈለው ነው። የወጣው 3.3 ሰከንድ ነው። እንጨት እንዲህ አይቀጣጠልም። አሃዶቹን ሦስቴ አይቻቸዋለሁ።

ሁለተኛው፣ ሰንበሌጥም ባሕር ዛፍም አላገኘሁም። በምን ልተካ?

ኮን_ሃምሳ
ሰኞ፣ 6:05

አሃዶችህ ልክ ናቸው፣ ቀመሩም ልክ ነው። ቀመሩ ውስጥ መግባት የማይገባቸውን ቁጥሮች ነው ያስገባሃቸው።

ያስገባሃቸው ሦስቱ ቁጥሮች በክፍል ሙቀት አካባቢ የተለኩ ናቸው። እንጨት ወደ 390 ዲግሪ ሲሄድ ግን ያው እንጨት ሆኖ አይቆይም። ውኃው ይተናል፣ የሙቀት አቅሙ ይጨምራል፣ ፊቱ መክሰል ይጀምራል። ከዚህም በላይ የጋለው ፊት ከተቀበለው ሙቀት ከፊሉን መልሶ ይለቃል። 390 ዲግሪ የደረሰ ጥቁር ፊት በጨረር ብቻ 11 ኪሎዋት በካሬ ሜትር ያህል ይመልሳል፤ በዚያ ላይ አየሩ የሚወስደው አለ። ቀመሩ ይህን ሁሉ አያይም። ስለዚህ እዚህ ቀመር ውስጥ የሚገባው ተርማል ኢነርሺያ (የቁሱ ፊት ለመጋል ያለው እምቢታ) ሦስት ቁጥር አባዝተን የምናገኘው ሳይሆን፣ ከመቀጣጠል ሙከራ ወደ ኋላ ተሰልቶ የተገኘው ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ነው የሚያሳስተው።

ኩዊንቲየርና ሃርክልሮድ በ1980ዎቹ ባወጡት ሰንጠረዥ 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ተራ ኮምፔንሳቶ የመቀጣጠያ ሙቀቱ 390 ዲግሪ፣ ተርማል ኢነርሺያው 0.54 ነው፤ አሃዱ በኪሎዋት ካሬ ሰከንድ በሜትር አራተኛ ኃይል በኬልቪን ካሬ። ያንተ ብዜት 0.078 ነው። ሰባት እጥፍ ይራራቃሉ። 0.54ን አስገባውና 23 ሰከንድ ይሰጥሃል፤ ይህ ለኮምፔንሳቶ የሚታመን ጊዜ ነው።

ከዳታቤዙ ራሱ ይህን ቁጥር ማውጣት ትችላለህ። ግራፉን በዓይን አትንበብ፤ ሲኤስቪ ፋይሉን አውርድ። የኮን ካሎሪሜትር ሙከራ (ትንሽ ናሙና በታወቀ የሙቀት ፍሰት ሥር የሚቃጠልበት) ለአንድ ቁስ በተለያየ የሙቀት ፍሰት፣ በብዛት በ25፣ በ50 እና በ75 ኪሎዋት በካሬ ሜትር ይደረጋል። ከእያንዳንዱ የተቀጣጠለበትን ሰከንድ ውሰድ። ለእያንዳንዱ፣ 1ን ለሰከንዱ ካሬ ሥር አካፍለህ ከፍሰቱ ጋር አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጥ። ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ካረፉ ቁሱ እንደ ወፍራም ነው የጋለው፤ ከመስመሩ ዘንበል ተርማል ኢነርሺያውን ታወጣለህ። መስመር የሚሠራው 1ን ለሰከንዱ ለራሱ ስታካፍል ከሆነ ግን ቁሱ ስስ ነው፤ ወፍራሙን ቀመር ተወው። በ25 አልቀጣጠል ያለ ናሙና ካለ ፋይሉን አትጣል፤ ለመቀጣጠል የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍሰት ከ25 በላይ መሆኑን የሚነግርህ እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን ከሙከራ የወጣ 0.54 ኤፍዲኤስ ውስጥ በሦስት ከፋፍለህ እንዳታስገባ። ኤፍዲኤስ የጨረሩንም የአየሩንም ኪሳራ ራሱ ያሰላል፤ ኪሳራውን ሁለቴ ትቆጥራለህ። ለኤፍዲኤስ በልኬት የተገኙትን ሦስቱን ባሕርያት፣ ከሙቀት ጋር የሚለዋወጡ ከሆነ በራምፕ (በሙቀት ወይም በጊዜ የሚለዋወጥ የቁጥር ሰንጠረዥ) አድርገህ ስጠው። ከዚያ ወደ አዳራሹ ሳትገባ ትንሽ ሙከራ ሥራ፦ አንድ ካሬ ፊት፣ ኤክስተርናል ፍለክስ (ከውጭ የሚያርፍ የሙቀት ፍሰት) 25፣ 50፣ 75። ዳታቤዙ ላይ ካሉት ሦስት ሰከንዶች ጋር አስተያይ። ሦስቱም ካልተቀራረቡ ሞዴሉን ወደ ትልቁ ሥራ አታሳልፈው። አንዱን ብቻ ማስገጠም ቀላል ነው፤ ምንም አያረጋግጥም።

የፖሊ_ቤተሙከራ
ሰኞ፣ ማታ 1:40

ስለ ሰንበሌጥና ባሕር ዛፍ እኔ ልመልስ።

ዳታቤዝ ውስጥ የሌለን ቁስ ከመተካትህ በፊት ራስህ መለካት የምትችለውን ለካ። እርጥበት፣ እፍጋትና ውፍረት ባሕር ዳር ውስጥ ይለካሉ፤ የሚያስፈልገው 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ 103 ዲግሪ ላይ የሚቆም ማድረቂያ ምድጃና ካሊፐር ነው። ከሌላ ቁስ የምትበደረው የቀረውን ብቻ ይሁን።

እርጥበት። ከክዳኑ ውጭ ፊት፣ ከመሐሉና ከውስጥ ፊቱ ለየብቻ 50 ግራም ያህል ቁረጥ፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት አይሆኑም። እንደተቆረጠ አየር በማያስገባ ላስቲክ እሰረውና መዝነው። 103 ሲደመር ሲቀነስ 2 ዲግሪ ላይ አድርቀው፤ ተከታታይ ሁለት ሚዛኖች ሲገጥሙ ደርቋል። ከምድጃ ያወጣኸውን ናሙና ጠረጴዛ ላይ ክፍት አድርገህ አታቀዝቅዝ፤ ሣር በደቂቃዎች ውስጥ ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይስባል። ሲሊካ ጄል ባለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይቀዝቅዝ። የወጣውን ውኃ የምታካፍለው ለደረቀው ክብደት ነው። 50 ግራም ገብቶ 45 ከወጣ እርጥበቱ 11.1 በመቶ ነው እንጂ 10 አይደለም፤ ሁለቱንም የሚጠቀሙ ሰነዶች ስላሉ ከሌላ የምትወስደው ቁጥር በየትኛው እንደተሰላ እይ።

የኮን ናሙና ከመቃጠሉ በፊት 23 ዲግሪና 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለው ክፍል ይቆያል። እንጨት እዚያ ሲቆይ 9 በመቶ አካባቢ ውኃ ይይዛል። አየሩ 30 በመቶ ሲሆን ወደ 6፣ 80 በመቶ ሲሆን ወደ 16 ይሄዳል። ስለዚህ የበጋ ክዳንህ ከዳታቤዙ ናሙና የደረቀ፣ የነሐሴው ደግሞ የረጠበ ነው። ለሰው ሕይወት የሚሠራ ሞዴል በበጋው ይሠራ። ናሙናውንም በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ቁረጥ።

እፍጋት። ሰዎች በብዛት የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሣር ክዳን ሁለት እፍጋት አለው፦ የአንዷ ሰበዝና የነዶው። አየሩን ጨምሮ የነዶው እፍጋት ስንት ኪሎ ነዳጅ ጣራ ላይ እንዳለ ይነግርሃል። መቀጣጠልን የሚወስነው ግን የአንዷ ሰበዝ ልጥ ነው፤ ነበልባሉ ነዶውን በሙሉ እስኪያግል አይጠብቅም። የልጡ ውፍረት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ እፍጋቱ 400 ቢሆን ክብደቱ 0.16 ኪሎ በካሬ ሜትር ነው። የሙቀት አቅሙን 1.5 ያዝ፣ 325 ዲግሪ ከፍ ይበል፤ 78 ኪሎጁል በካሬ ሜትር ይፈልጋል። የተጣራ 25 ኪሎዋት ካረፈበት 3 ሰከንድ። አሁን 10 በመቶ ውኃ ጨምር፤ 0.016 ኪሎ ውኃ ሞቆ ለመትነን 41 ኪሎጁል ያህል ይወስዳልና ጊዜው ወደ 4.8 ሰከንድ ይወጣል። ለኮምፔንሳቶ ስህተት የነበረው 3 ሰከንድ ለሰንበሌጥ እውነት ነው።

ባሕር ዛፍ ይቀላል። ዳታቤዙ ውስጥ ካሉት ጠንካራ እንጨቶች በእፍጋት የሚቀርበውን ምረጥ እንጂ በስም የሚመስለውን አትፈልግ። የእንጨት ሙቀት አስተላላፊነት ከእፍጋቱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ተርማል ኢነርሺያው በእፍጋት ካሬ ያህል ይጨምራል። ከ540 ወደ 700 ብትሄድ 1.7 እጥፍ ነው፤ የመቀጣጠያ ጊዜውም በዚያው ልክ ይረዝማል። በአጣና ደረጃ ወፍራም የሆነ ባሕር ዛፍ መጀመሪያ የሚቀጣጠል ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አታጥፋበት።

ዓባይ_ማዶ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:15

እግረ መንገዴን፣ እኛ ደግሞ ለመጋረጃና ለጥላ ደንገል እንጠቀማለን። ደንገልን በእንጨት ቁጥር መተካት ይቻላል?

የፖሊ_ቤተሙከራ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:50

አይቻልም ወንድሜ። ደንገል ከላይ ስስ ልጥ፣ ከውስጥ አየር የሞላበት ነጭ ስፖንጅ መሳይ ሥጋ ነው፤ ታንኳን የሚያንሳፍፈው ያ አየር ነው። አስተላላፊነቱም እፍጋቱም ዝቅተኛ ስለሆነ ፊቱ ቶሎ ይግላል። በእንጨት ቁጥር ብትሠራ ከእውነቱ ዘግይቶ ይቀጣጠልልሃል፤ ስህተቱ ወደ አደገኛው ጎን ነው። ሌላው፣ እፍጋቱን ውኃ ውስጥ ነክረህ አትለካ፣ ይጠጣል። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ በካሊፐር ጎኑን ለክተህ በራሱ አባዛና በ0.433 አባዛው፤ ስፋቱን ይሰጥሃል። ርዝመቱ ላይ ቀጫጭን ስለሚሆን ሥሩን፣ መሐሉንና ጫፉን ለየብቻ ለካ።

ስፖንጅና_ጭስ
ማክሰኞ፣ 7:30

ሶፋውና ፍራሹ ላይ ማንም ስላልገባ እኔ ልግባ፤ የዚህን አዳራሽ ዕጣ የሚወስነው እሱ ነው።

የስፖንጅን የቃጠሎ ሙቀት ስትወስድ የቱ እንደሆነ ለይ። ጂኤም21 ተብሎ በሰነድ ለሚታወቀው ለስላሳ ፖሊዩረቴን ፎም ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል በኪሎ 26 ሜጋጁል፣ በነበልባል በእውነት የሚለቀው ግን ወደ 18 ነው። ኮን የሚሰጥህ ሁለተኛውን ዓይነት ነው። ቦምብ ካሎሪሜትር የሚሰጥህ የመጀመሪያውን ነው። ሁለቱን ቀላቅለህ፣ የክብደት መቀነሱን ከአንዱ፣ የቃጠሎ ሙቀቱን ከሌላው ከወሰድክ እሳቱን በ40 በመቶ ከፍ ታደርገዋለህ።

ኤፍዲኤስ የቃጠሎ ሙቀትን የሚፈልገው በኪሎጁል በኪሎ ነው፤ ዳታቤዝ በሜጋጁል ይሰጣል፤ በ1000 አባዛ። የሙቀት አቅም በጁል በግራም ከተሰጠህ ቁጥሩ ሳይለወጥ ይገባል፤ በጁል በኪሎ ከተሰጠህ ግን ለ1000 አካፍል። ይህን የሳተ ሞዴል ስህተት መልእክት አያወጣም። ግድግዳው ብቻ በጭራሽ አይሞቅም፤ ሰውም ጥሩ ንድፍ ነው ብሎ ያልፈዋል።

የኮን ፋይል ዜሮ ሰከንድ ናሙናው ለሙቀት የተጋለጠበት ነው፤ የተቀጣጠለበት አይደለም። ኤፍዲኤስ ውስጥ የመቀጣጠያ ሙቀት ከሰጠህ ራምፑ የሚጀምረው ፊቱ እዚያ ሙቀት ሲደርስ ነው። ፋይሉን እንዳለ ከገለበጥክ መዘግየቱ ሁለቴ ይቆጠራል። ከእያንዳንዱ ጊዜ ላይ የመቀጣጠያውን ሰከንድ ቀንስና ራምፑን ከዜሮ አስጀምር።

የናሙናው ስፋት 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ነው። የብረት ክፈፍ ከተደረገበት ግን ለሙቀት የሚጋለጠው 88.4 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። የፋይሉ ባለቤት በየትኛው እንዳካፈለ ካልተጻፈ ውጤቱ 12 በመቶ ያህል ሊንሸራተት ይችላል። መግለጫውን አንብብ።

ስስ ናሙና ሊያልቅ ሲል የሚያሳየው ሁለተኛ ጫፍ ደግሞ የቁሱ ባሕርይ አይደለም። ከሥሩ ያለው የሴራሚክ ንጣፍ ሙቀት አላሳልፍ ስለሚል ጀርባው ሲግል የሚመጣ ነው። አዳራሽህ ውስጥ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ያለው ጭቃ ከሆነ ያ ጫፍ ባንተ ቤት በዚያ መልክ አይመጣም።

ስፖንጅ በኮን ውስጥ በአሉሚኒየም ፎይል ትሪ ላይ ተኝቶ ነው የሚቃጠለው፤ የቀለጠው እዚያው ይቆያል። ሶፋ ላይ ግን ይንጠባጠብና ወለል ላይ ኩሬ ሠርቶ ሶፋውን ከሥር ያቃጥለዋል። ለዚህ ነው ለሙሉ ዕቃ የኒስትን (የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም) የእሳት ካሎሪሜትሪ ዳታቤዝ አብራችሁ እዩ የምለው። ሙሉ ሶፋና ፍራሽ በትልቅ መሰብሰቢያ ሥር ተቃጥሎ ምን ያህል ኪሎዋት እንደለቀቀ ከነቪዲዮው አለ። የኮን ቁጥር ስፋት ላይ እየተባዛ የሙሉ ሶፋ እሳት አይሆንም።

የመጨረሻው ጭስ ነው። ሱት ዪልድና ሲኦ ዪልድ (ከአንድ ኪሎ ነዳጅ የሚወጣው ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ) ኤፍዲኤስ ውስጥ ካልሰጠሃቸው ዜሮ ናቸው። በዜሮ ሱት የሚሮጥ አዳራሽ እስከ መጨረሻው ጥርት ያለ ዕይታ ያሳይሃል። ከኮን የምታገኘው የጭስ ማደብዘዣ ስፋት በካሬ ሜትር በኪሎ ከሆነ ለ8700 አካፍለው፤ ሱት ዪልዱ ይወጣል። ለማመሳከሪያ ያህል እንጨት 0.015፣ ጂኤም21 0.13 ናቸው። የሲኦ ቁጥሩ ግን አየር በበቂ ሁኔታ ባለበት የተለካ ነው፤ አየር ባነሰው ዕቃ ቤት ውስጥ በኪሎ ነዳጅ እስከ 0.2 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። የኮኑን እዚያ አትጠቀም።

ሰንበሌጥ_ጣና
ማክሰኞ፣ ማታ 2:30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትንሹን የኮን ሙከራ በኤፍዲኤስ ሠርቼ 50ው ገጥሞልኛል፤ 25ቱ ግን ከዳታቤዙ ቀድሞ ይቀጣጠላል። ሱቴም ዜሮ ነበር።

አንድ ነገር፣ ኮኑ በ50 ነው፣ አዳራሹ ውስጥ የሚያርፈው ፍሰት ግን ይለዋወጣል። የ50ውን ኩርባ እንዳለ ልጠቀም?

ኮን_ሃምሳ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

25ቱ የሚቀድመው ውኃው ስለሌለበት ነው። ዝቅተኛ ፍሰት ላይ ቁሱ ረጅም ጊዜ ይሞቃል፣ የእርጥበቱ ድርሻም ይጎላል። ውኃን እንደ ሁለተኛ ቁስ በክብደት ድርሻው ጨምር፤ የሚተንበትን ሙቀት ደግሞ 100 አታድርገው፤ በዚህ ከፍታ 94 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው ግን ትክክለኛው ይኸው ነው።

ስለ ኩርባው፦ ከ6.8 ወዲህ ባሉት የኤፍዲኤስ ቅጂዎች ሪፈረንስ ሂት ፍለክስ የሚባል አለ። ኩርባው በ50 የተለካ መሆኑን ትነግረዋለህ፤ በሚያርፈው ፍሰት መጠን እሱ ራሱ ያሳጥረዋል ወይም ያስረዝመዋል። የተለካበትን ውፍረትም ስጠው።

ከፍታ_1800
ረቡዕ፣ ረፋድ 3:45

ከፍታ ከተነሳ ይህን ክር አልተወውም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት 81500 ፓስካል ያህል ነው፤ በ25 ዲግሪ የአየሩ እፍጋት 0.95 ነው፣ ከባሕር ጠለል 1.18 ጋር ሲተያይ 80 በመቶ። ኤፍዲኤስ ካልነገርከው ባሕር ጠለል ላይ ያለህ ይመስለዋል። ፒ ኢንፍን (የአካባቢውን የአየር ግፊት) 81500 አድርግ።

የማይለወጠውን አስቀድሜ ልናገር። በአንድ ኪሎ ኦክሲጅን የሚለቀቀው ሙቀት 13.1 ሜጋጁል ነው፤ ሃጌት በ1980 ያጸናው፣ የኮን ካሎሪሜትር ሙሉ ስሌት የቆመበት ቁጥር ነው፤ በጣናም በባሕር ጠለልም ያው ነው። የቃጠሎ ሙቀትም አይለወጥም። የሚለወጠው በአንድ በር የሚገባው የአየር ክብደት ነው።

ዕቃ ቤትህን እንውሰድ። የቶማስ የፍላሽኦቨር (ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚጋይበት) ቀመር 7.8 በግድግዳ፣ ጣራና ወለል ስፋት፣ ሲደመር 378 በበሩ ስፋት በከፍታው ካሬ ሥር ነው። ያንተ ክፍል በሩ ሲቀነስ 57.4 ካሬ ሜትር ፊት አለው፤ 448 ኪሎዋት። በሩ 1.6 ካሬ ሜትር በ1.414፤ 855። ድምሩ 1303 ኪሎዋት። አሁን ያ 378 ከየት መጣ? በበሩ የሚያልፈው አየር 0.5፣ በሙቀት አቅሙ 1.26፣ በ600 ዲግሪ ጭማሪ ተባዝቶ ነው። 0.5ቷ የባሕር ጠለል አየር ናት። እዚህ 0.4 ትሆናለች፤ 378ቱም ወደ 304 ይወርዳል። ድምሩ 1135 ኪሎዋት ገደማ ነው። በበሩ የሚወጣው ሙቀት ስላነሰ ክፍሉ ባነሰ እሳት ይጋያል።

ከኮን ፋይልህ የስፖንጁ ቁጥር ለምሳሌ 350 ኪሎዋት በካሬ ሜትር ቢሆን፣ ሁለት 90 በ190 ፍራሽ ላይኛው ፊታቸው 3.42 ካሬ ሜትር ነው፤ 1197 ኪሎዋት። በባሕር ጠለሉ ስሌት አይደርስም፣ በባሕር ዳሩ ይደርሳል።

ስፖንጅና_ጭስ
ረቡዕ፣ ረፋድ 4:10

እዚህ ላይ ልከራከር። ሁለቱም ፊት በአንድ ሰከንድ በጫፉ አይቃጠልም። በዝቅተኛ ግፊት ደግሞ የቃጠሎ ፍጥነቱ ራሱ ይቀንሳል፤ የቻይና ተመራማሪዎች ዝቅተኛ ቦታ ባለችው ሄፌይና ከፍታ ላይ ባለችው ላሳ የነዳጅ ኩሬ እሳት አወዳድረው ላሳ ላይ ቀስ ብሎ ሲነድ አይተዋል። 1197 የሚለው ከፍተኛው ጣሪያ ነው።

ከፍታ_1800
ረቡዕ፣ ረፋድ 4:35

እውነትህን ነው፣ ጣሪያው ነው። ላሳ 3650 ሜትር ላይ ስለሆነች የእኛ ቅናሽ ከእሷ ያነሰ ነው። ፍራሹ ቁልል ከሆነ ግን የጎኑም ፊት ይጨመራል፤ ሁለት ፍራሽ ብቻ የሚያስቀምጥ ዕቃ ቤት ደግሞ የለም። ሁለቱ ስህተቶች ይካካሳሉ ብዬ አልሠራም፤ የሚያሰጋውን እይዛለሁ።

ሰንበሌጥ_ጣና
ረቡዕ፣ 8:00

ፍራሹ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ ይህን ለባለቤቶቹ ጽፌያለሁ። የቀረኝ ክዳኑ ነው። ሰንበሌጡን እንዴት አድርጌ ላቃጥለው? የኮን ናሙና ቢበዛ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነው፣ የእኔ 25 ነው።

የፖሊ_ቤተሙከራ
ረቡዕ፣ 9:20

አታቃጥለው። ክዳንህ የግድግዳው ራዲየስ 6 ሜትር፣ ቁልቁለቱ 7.5 ሜትር ነው፤ 141 ካሬ ሜትር። የነዶው እፍጋት 80 ቢሆን 2.8 ቶን ሣር ነው፤ በኪሎ 15 ሜጋጁል ብትይዝ 42 ጊጋጁል። ይህ ሲቀጣጠል የትኛውም ዳታቤዝ፣ የትኛውም የሞዴል ጥራት ሰው አያድንም። የሞዴሉ ጥያቄ ክዳኑ እንዴት ይነዳል ሳይሆን ሶፋው ላይ የተነሳ እሳት ክዳኑ ላይ ይደርሳል ወይ ነው። ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልጉህ ቁጥሮች ዳታቤዙ ውስጥ በደንብ አሉ። ሞዴሉን የክዳኑ ውስጥ ፊት የመቀጣጠያ ሙቀት ሲደርስ አቁመውና ሰዓቱን መዝግብ፤ ሰው ከዚያ በፊት መውጣት አለበት።

ከፍታ_1800
ረቡዕ፣ 10:05

በእጅ ሒሳብ እንየው። ሶፋው 1000 ኪሎዋት ደረሰ እንበል፣ የእሳቱ ስፋት 1 ሜትር። በሄስኬስታድ ቀመር የነበልባሉ ቁመት 0.235 በ15.85፣ ሲቀነስ 1.02 ነው፤ 2.7 ሜትር። የቀመሩ 0.235 በአየር እፍጋት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በባሕር ዳር 0.256 ይሆናል፣ ነበልባሉም 3 ሜትር። መቀመጫው 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ጫፉ ከወለል 3.5 ሜትር ይደርሳል። ክዳንህ ግድግዳው ጋ 2.5 ሜትር ነው። ከግድግዳው እስከ 1.3 ሜትር ድረስ የተቀመጠ ሶፋ ነበልባሉን በቀጥታ ሰንበሌጡ ውስጥ ያስገባል። አሁን ሶፋዎችህ ያሉት በሙሉ እዚያ ነው።

ጫፉ አለመድረሱ ብቻ አይበቃም፤ የነበልባል ጫፍ ላይ ያለው ጭስ ከአየሩ 500 ዲግሪ ያህል ይበልጣል። በጭሱ መሐል ጭማሪው 200 ዲግሪ እስኪወርድ ብንጠብቅ፣ ከ1000 ኪሎዋቱ 700ውን ጭሱ የሚሸከመው አድርገን፣ ከመቀመጫው 4.6 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ከወለል 5.1። ክዳንህ 5.1 ሜትር የሚደርሰው ከመሐሉ 2.5 ሜትር ባለው ክብ ውስጥ ነው።

ሰንበሌጥ_ጣና
ረቡዕ፣ ማታ 1:15

ሶፋዎቹን ከመሐሉ 2.5 ሜትር ክብ ውስጥ አስገብቼ፣ ዙሪያው ላይ በጠፍር አልጋና በእንጨት ወንበር ተክቼ ንድፉን ቀየርኩ። መጀመሪያ በ20 ሳንቲ ሜትር ሕዋስ እያስኬድኩት ነው፤ 14 በ14 በ8 ሜትር ሳጥን ስለሆነ 196,000 ሕዋስ ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር 1,568,000 ይሆናል፤ ጊዜው 16 እጥፍ ነው። መብራት ቢቋረጥ ካቆመበት እንዲቀጥል ሪስታርት ፋይሉን በየ10 ሰከንዱ የሞዴል ጊዜ እንዲያስቀምጥ አድርጌዋለሁ።

ኮን_ሃምሳ
ረቡዕ፣ ማታ 1:30

ለ1000 ኪሎዋት እሳት 10 ሳንቲ ሜትሩ ያስፈልጋል፤ የእሳቱ መለኪያ ርዝመት 1.05 ሜትር ስለሆነ ለሕዋሱ ሲካፈል 10 ይደርሳል። በ20 ግን 5 ብቻ ነው፤ ለጭሱ ይበቃል፣ ነበልባሉ ክዳኑን መንካቱን ለመወሰን አይበቃም። ሳጥኑን በሙሉ 10 አታድርገው፤ ከሶፋው እስከ ክዳኑ ያለውን ዓምድ ብቻ በተለየ ሜሽ (የሕዋሶች መረብ) 10 አድርገው፣ የቀረው 20 ይሁን። የሜሾቹ ድንበር ነበልባሉ መሐል እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቅ።